ድብ፣ ሸርጣን፣ ጭላዳ፦ ከእንስሳት አካሄድ የተቀዳ ስፖርት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ኬኒቺ ኢቶ የተባለ ጃፓናዊ፣ ቶኪዮ ውስጥ በሚገኘው የኮማዛዋ ኦሎምፒክ ፓርክ 100 ሜትር በ15.71 ሰከንድ ሮጠ። ሰዓቱ ለአንድ አትሌት የሚያኮራ አይመስልም። ኢቶ ግን የሮጠው በሁለት እግሩ ቆሞ አልነበረም። መዳፎቹን በመሙ ላይ እያሳረፈ፣ ወገቡን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ በአራት እግር ነው የጋለበው። ይኸው ሰው በ2008 ይህንኑ ርቀት በ18.58 ሰከንድ ጨርሶ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሮ ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ቀንሷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌሎች ሯጮች የእሱንም ሰዓት አሻሽለውታል።

የኢቶ አሠልጣኝ ጦጣ ነች። ፓታስ የምትባለው ቀላ ያለች ረጅም እግር ጦጣ ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ድረስ ትገኛለች። ከዛፍ ይልቅ ሜዳ የምትመርጥ በመሆኗ እንደ እሷ የሚሮጥ ጦጣ የለም፤ በሰዓት እስከ 55 ኪሎ ሜትር እንደምትጋልብ ይነገርላታል። ኢቶ እጇንና እግሯን እንዴት እንደምታፈራርቅ፣ ጀርባዋን እንዴት እንደምታጥፍና እንደምትዘረጋ ለዓመታት አጥንቶ በራሱ አካል ላይ ሞከረው። ያገኘው ውጤት አንድ ነገር ያሳያል። አዋቂ ሰው፣ ከሕፃንነቱ ወዲህ ረስቶት የኖረውን እንቅስቃሴ እንደ አዲስ ሊማርና ሊሠለጥንበት ይችላል።

ክብረ ወሰን ለማያሳድደው ሰው ይህ እውቀት የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ጂሞች፣ በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜና በትግል ስፖርት ልምምድ ላይ ሰዎች እንደ ድብ ሲራመዱ፣ እንደ ሸርጣን በጀርባቸው ሲሄዱ፣ እንደ እንቁራሪት ሲዘሉ ይታያሉ። ላየው ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ሦስት ደቂቃ የሞከረው ግን ላብ በላብ ሆኖ ይነሣል። ዕቃ አይጠይቅም፣ ክፍያ የለውም፣ ቦታውም አልጋና ጠረጴዛ ከተቀመጡ በኋላ በጠባብ ቤት ውስጥ የሚተርፈው ወለል ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል የቢሮ ሠራተኛም ሆነ ከመሪ ጀርባ ለሚውል ሾፌር፣ በዝምታ የደረቁትን የዳሌ፣ የትከሻና የእጅ አንጓ መገጣጠሚያዎች አንድ ላይ የሚቀሰቅስ እንዲህ ያለ ቀላል ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል።

የዚህ ስፖርት ሀ ሁ የድብ አካሄድ ነው። ጀማሪው በእጅና በጉልበቱ ይንበረከካል። መዳፎቹ በትክክል ከትከሻው ሥር፣ ጉልበቶቹ በትክክል ከዳሌው ሥር ይሆናሉ። የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ አጥፎ ወለሉን ይረግጥባቸዋል። ከዚያም ጉልበቶቹን ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ያደርጋል። ገና አንድ እርምጃ ሳይሄድ እዚያው ግማሽ ደቂቃ ቢቆይ ጭኑ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሆዱም ይወጠራል። ይህን ያለ ጭንቀት መቆም ሲችል ቀኝ እጁንና ግራ እግሩን አብሮ አንዲት ስንዝር ወደፊት ያስኬዳል፤ ቀጥሎ ግራ እጁንና ቀኝ እግሩን። ወገቡ ላይ አፉ ድረስ የሞላ የቡና ሲኒ የተቀመጠ ያህል፣ ዳሌው ወዲያና ወዲህ ሳይዋልል መሄድ አለበት።

የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ቆሞ ሲሄድ ክብደቱን እግሮቹ ይሸከማሉ፤ እጆቹ ነፃ ናቸው። በአራት ሲሆን ግን ትከሻና ክንድ ከጭነቱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አንድ እጅና አንድ እግር ከመሬት ሲለቁ ደግሞ ሰውነት በቀሩት ሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ ይቆምና ወደ ባዶው ጎን ሊዞር ይፈልጋል። ያንን መዞር የሚያቆሙት ከሆድ ጎን እስከ ወገብ ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ሁለት ኪሎ ድንች ከመሬት በአንድ እጅ ሲነሣ፣ ሕፃን ታቅፎ ደረጃ ሲወጣ፣ ታክሲ ውስጥ ቆሞ ፍሬን ሲያዝ ወገብን ከመቀጨት የሚጠብቁት እነዚሁ ናቸው። ትከሻ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት ከጎድን ጋር አጣብቆ የሚይዝ ጡንቻ አለ፤ እጅ መሬትን በሚገፋበት ጊዜ ሁሉ ይሠራል፤ ወንበር ላይ ተጎብጦ የሚውል ሰው ግን እምብዛም አይጠቀምበትም።

ስሕተቶቹም ይታወቃሉ። ጀማሪ ሰው ሲደክመው መቀመጫውን ወደ ሰማይ ይሰቅላል፤ ያኔ ጭነቱ ከሆድ ይሸሽና ሥራው ይቀላል። ትንፋሹን አፍኖ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይቸኩላል። በፍጥነት የሚሄድ ሰው የሚዛኑን ጉድለት በግፊት ይሸፍነዋል፤ በዝግታ የሚሄድ ግን መደበቂያ የለውም። ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ያህል ርቀት እንደተሄደ ሳይሆን እጅና እግር ወለሉን ሲነኩ ድምፅ ማሰማት አለማሰማታቸውን ነው።

ብዙ ጀማሪዎች ቀኝ እጅና ቀኝ እግራቸውን አብረው ያነሣሉ። ይህ አካሄድ በተፈጥሮም አለ፤ ግመል በፍጥነት ስትጓዝ የአንድ ጎን ሁለት እግሮቿን አብራ ስለምትወረውር ነው ጋላቢዋ ከጎን ወደ ጎን የሚወዛወዘው። ውሻ በሶምሶማ ሲሄድ ግን ቀኝ የፊት እግሩና ግራ የኋላ እግሩ አብረው ይነሣሉ። በእጅና በጉልበት የሚድኽ ሕፃን አካሄድ ወደዚህኛው ያደላል። ቆሞ የሚሄድ አዋቂም ቢሆን ይህንኑ ሥርዓት ይዞ ይኖራል፤ ቀኝ እግር ሲራመድ ግራ እጅ ወደፊት ይወዛወዛል፤ ማንም ሳያስተምረው።

አብዛኞቹ ባለ አራት እግር አጥቢዎች ረጋ ብለው ሲራመዱ የግራ የኋላ እግራቸውን ተከትሎ የሚነሣው የግራ የፊት እግራቸው ነው። ጦጣና ዝንጀሮን የመሳሰሉት ግን በአብዛኛው የግራ የኋላ እግራቸውን አስከትለው ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ። እንግዲህ በጂም የድብ አካሄድ ተብሎ የሚሠራው እንቅስቃሴ በእውነቱ ከድቡ ይልቅ ለጦጣውና ለሕፃኑ ይቀርባል። ልምምዱን ለሚሠራ ሰው ይህ ነገር ትርጉም አለው፤ ተቃራኒ እጅና እግርን ማቀናጀት ሰውነት ቀድሞውንም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ የሚምታታበት ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ያገኘዋል።

እንስሳትን እያዩ ሰውነትን ማሠልጠን የጂሞች ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በቻይና ሁናን ግዛት፣ ቻንግሻ ከተማ አጠገብ ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ የተከፈተው ሦስተኛው መቃብር ውስጥ አንድ የሐር ጨርቅ ተገኘ። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነው። በጨርቁ ላይ 44 ሰዎች ልዩ ልዩ የሰውነት እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ተሥለዋል፤ ወንዶችም ሴቶችም፣ ወጣቶችም ሽማግሌዎችም አሉባቸው። ከአንዳንዶቹ ጎን የእንስሳት ስም ተጽፏል፤ ከእነዚህም ድብና ጦጣ ይገኙበታል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የስፖርት ማስተማሪያ ሥዕል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁዋ ቱዎ ነው። በሀን ሥርወ መንግሥት መጨረሻ የኖረው ይህ ሐኪም በቻይና ታሪክ ውስጥ ስሙ እስከ ዛሬ በክብር ይጠራል፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ208 ገደማ ኃያሉ የጦር መሪ ጻኦ ጻኦ አስገደለው። ለደቀ መዝሙሩ ለዉ ፑ ያስተማረው ልምምድ አምስት እንስሳትን የሚከተል ነበር፦ ታይገር፣ አጋዘን፣ ድብ፣ ጦጣና ወፍ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ሰውነት መንቀሳቀስ አለበት፣ ነገር ግን እስኪዝል መድከም የለበትም። ሰው ሕመም ቢጤ ሲሰማው ተነሥቶ ከአምስቱ የአንዱን እንስሳ እንቅስቃሴ ይሠራል፣ ላብ ብቅ ሲል ያቆማል። ዉ ፑ ይህን እየሠራ ከ90 ዓመት በላይ እንደኖረ፣ ዓይኑም ጆሮውም ጥርሱም ደህና እንደነበር የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ዕድሜውን ያስረዘመው ልምምዱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ላብ ብቅ ሲል አቁም የሚለው ምክር ለዛሬ ጀማሪም የሚሠራ ነው።

ዉ ቺን ሺ የሚባለው ይህ ልምምድ ዛሬም በቻይና መናፈሻዎች ውስጥ ይሠራል። የአገሪቱ የስፖርት ባለሥልጣን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ በሚመች መልክ እንዲስተካከል አስደርጎ፣ ለእያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አሥር እንቅስቃሴ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። በታይገሩ ጣቶች እንደ ጥፍር ታጥፈው ይዘረጋሉ፣ ከዚያም ሰውነት አጎንብሶ አደን እንደሚይዝ ወደፊት ይወረወራል። በአጋዘኑ አከርካሪ ወደ ጎን ይጠመዘዛል። በድቡ ወገብ እየዞረ ሰውነት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ከበድ ብሎ ይወዛወዛል። በጦጣው እጅ ፍሬ ይለቅማል፤ ዓይን ቶሎ ቶሎ ይዞራል። በወፉ በአንድ እግር ተቁሞ ክንድ ይዘረጋል። ሁሉም ተቁሞ የሚሠራ በመሆኑ መዳፉንና ጉልበቱን መሬት ላይ ማሳረፍ ለማይችል አዛውንት የሚመች ነው። በተለይ የወፉ ክፍል ትልቅ ነገር አለው፤ በአንድ እግር መቆም ሚዛንን ያሠለጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 የደረሰና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ውድቀትን ለመከላከል በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ መክሯል። ወንበር ወይም ግድግዳ አጠገብ ቆሞ እንደ ወፍ አንድ እግር ማንሣት ለዚህ ጥሩ ጅምር ነው።

በቪዲዮ ቤት የኩንግ ፉ ፊልም እያየ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ የነብርና የእባብ ስልቶች ትዝ ይሉት ይሆናል። እነዚያ ለፍልሚያ የተዘጋጁ ናቸው፤ ከእንስሳው የሚወስዱት የጥቃቱን መንገድ ነው። ሁዋ ቱዎ የፈለገው ግን የእንስሳውን ጤንነት ነው።

በአውሮፓ ይህን መንገድ በራሱ አቅጣጫ ያገኘው ጆርጅ ኤበር የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን ነው። ከ1875 እስከ 1957 የኖረው ኤበር በዘመኑ የነበረውን፣ ወታደር በሰልፍ ቆሞ እጁን በትእዛዝ የሚያነሣበትንና የሚያወርድበትን ጅምናስቲክ አልወደደውም። ለሕይወት የሚጠቅመው ሰው በተፈጥሮው የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው ብሎ አመነ። ተፈጥሯዊ ዘዴ ብሎ የሰየመው ሥልጠና አሥር ክፍሎች አሉት፦ መራመድ፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ በአራት እግር መሄድ፣ መውጣት፣ ሚዛን መጠበቅ፣ መወርወር፣ ማንሣት፣ ራስን መከላከልና መዋኘት። በአራት እግር መሄድን ከሩጫና ከዋና እኩል ቦታ መስጠቱ ለዚያ ዘመን ደፋር እርምጃ ነበር። በ1913 በሬምስ ከተማ የአትሌቶች ኮሌጅ ከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት የተነሣው የዓለም ጦርነት ግን ሥራውን አቋረጠው። ዛሬ ወጣቶች ግንብና አጥር እየዘለሉ የሚሠሩት ፓርኩር ሥሩ ወደ ኤበር ዘዴ ይመለሳል።

በአሁኑ ጊዜ በጂሞች ዘንድ ስሙ የገነነው አኒማል ፍሎው የሚባለው ሥልጠና ሲሆን፣ ማይክ ፊች የተባለ አሜሪካዊ አሠልጣኝ በ2010 የጀመረው ነው። መሠረቶቹ ሦስት ናቸው፤ ፊት ወደ ታች ሆኖ በአራት የሚሄደው አውሬ፣ ፊት ወደ ላይ ሆኖ የሚሄደው ሸርጣን፣ ቁጢጥ ብሎ ወደ ጎን የሚዘለው ዝንጀሮ። ሠልጣኙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያቋርጥ ይሸጋገራል፤ ሲታይ ጭፈራ ይመስላል።

ይህ ሁሉ በጥናት ምን ያህል ተረጋግጧል? ጥናቶች አሉ፤ ብዙ ግን አይደሉም። በ2016 ሂዩማን ሙቭመንት ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ለአራት ሳምንት በአራት እግር መንቀሳቀስን የተለማመዱ ተማሪዎች፣ ዓይናቸው ሳያግዛቸው የትከሻቸውን አቀማመጥ በትክክል በማወቅ ረገድ መሻሻላቸውን፣ አስተሳሰብን ከሁኔታ ጋር መቀያየርን በሚለካ ፈተናም የተሻለ ውጤት ማሳየታቸውን ዘግቧል። ጀረሚ ባክስተንና ባልደረቦቹ ያካሄዱት ሌላ ጥናት 42 የኮሌጅ ተማሪዎችን በሁለት ቡድን ከፈለ። አንደኛው ቡድን ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት ይህን ልምምድ ሠራ። የእንቅስቃሴ ጥራታቸው፣ የዳሌና የትከሻ መገጣጠሚያቸው መዘርጋት ካልሠሩት ተማሪዎች በልጦ ተገኘ። በጥንካሬ መለኪያዎች ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊታለፍ አይገባም። በየማኅበራዊ ሚዲያው እንዲህ ያለው ልምምድ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። እውነቱ ግን ልኩን ይዞ ቢነገር ይሻላል፤ መገጣጠሚያን ያፍታታል፣ ቅልጥፍናንና ቅንጅትን ያሠለጥናል፣ ልብንም በፍጥነት ያስመታል። ከባድ ብረት እንደሚያነሣ ሰው ጡንቻ ለማሳደግ ለሚፈልግ ግን ብቻውን አይበቃም። የጥናቶቹ ተሳታፊዎች ወጣትና ንቁ ተማሪዎች መሆናቸውም መታወስ አለበት።

ሸርጣኑ ከድቡ ቀጥሎ መማር የሚገባው ነው። ሰውየው ወለል ላይ ተቀምጦ ጉልበቶቹን ያጥፋል፣ መዳፎቹን ከጀርባው ያኖራል፣ ከዚያ መቀመጫውን ከመሬት ያነሣል። አሁንም ተቃራኒ እጅና እግር እያነሣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ስልክና ኮምፒዩተር ላይ ተጎንብሶ ደረቱ የተኮማተረ ሰው፣ የትከሻው ፊት ሲለጠጥ እዚህ ላይ ይሰማዋል። የክንድ የኋላ ጡንቻና መቀመጫም ይሠራሉ። ትከሻው ቀድሞ የተጎዳ ሰው ግን በዚህ እንስሳ ባይጀምር ይመረጣል፤ ክንድ ወደኋላ ተዘርግቶ ክብደት መሸከሙ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

እንቁራሪት ጉልበት የሚፈትን ዝላይ ነው። ቁጢጥ ተብሎ፣ እጅ መሬት አስነክቶ፣ ወደፊት መፈናጠር። ለእግር ኳስ ተጫዋችና ለሯጭ የመነሻ ኃይል ይሰጣል። ዋናው ጥበብ ግን አወራረዱ ላይ ነው፤ በእግር ጣቶች በኩል አርፎ፣ ተረከዝን አስከትሎ፣ ጉልበትን ከእግር ጣቶች አቅጣጫ ሳያወጡ ድምፁን ማጥፋት። የዳክዬ አካሄድ፣ ማለትም ቁጢጥ እንዳሉ ወደፊት መራመድ፣ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጉልበት እስከ መጨረሻው ታጥፎ ክብደት እየተሸከመ ስለሚጣመም፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይመከርም። ልጆችን ለመቅጣት ይህን ማሠራት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ጉልበታቸውንም፣ ለስፖርት ያላቸውንም ፍቅር።

እንሽላሊት ከድቡ የሚከብድ ነው። ሰውነት እንደ ፑሽአፕ ዝቅ ብሎ፣ ደረት ከመሬት አንድ ስንዝር ርቆ፣ ጉልበት ከጎን ወደ ክርን እየተጠጋ ይጓዛል። አሥር ፑሽአፕ በደንብ የማይሠራ ሰው ለጊዜው ይተወው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ስፖርት የራሷ መምህር አላት። ጭላዳ ዝንጀሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚኖር እንስሳ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ለተመልካች ቅርብ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይውላል። ሲመገብ ብድግ ብሎ አይራመድም፤ ቁጢጥ እንዳለ፣ ሁለት እጆቹ ሣሩን እየነጩ፣ በመቀመጫውና በእግሮቹ እየተንፏቀቀ ወደ ቀጣዩ ሣር ይሸጋገራል። በዚህ መልክ ብዙ ሰዓት ያሳልፋል። ሰውም ይህን በቀላሉ ሊቀዳው ይችላል፤ ተረከዙን መሬት አስነክቶ ቁጢጥ ይላል፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል። ቁርጭምጭሚትንና ዳሌን ለማፍታታት ይህን የሚያህል የለም።

ቁጢጥ ማለት ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እህል ሲለቀም፣ ልብስ በሳፋ ሲታጠብ፣ ምድጃ ሥር እሳት ሲያያዝ ስንት ዘመን ኖሮበታል። ከተማ ገብቶ በወንበርና በሶፋ የተካው ሰው ግን በአርባ ዓመቱ ተረከዙን ሳያነሣ መቀመጥ ያቅተዋል። ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2020 ዴቪድ ራይክለንና ባልደረቦቹ በታንዛኒያ የሚኖሩትን በአደንና በለቀማ የሚተዳደሩትን ሀድዛዎች አጥንተው ነበር። ሀድዛዎች በቀን ወደ 10 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ያርፋሉ፤ ይህም ከከተማ ሰው ብዙ አይለይም። ልዩነቱ አብዛኛውን ዕረፍታቸውን የሚያሳልፉት ቁጢጥ ብለው፣ ተንበርክከው ወይም መሬት ላይ ተቀምጠው መሆኑ ነው። ቁጢጥ ሲሉ የእግራቸው ጡንቻ ወንበር ላይ ከመቀመጥ የበለጠ ይሠራል። ቡና ሲፈላ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከዚህ ጥቂቱን ይዞ ቀርቷል፤ ሙሉውን ለመመለስ በቀን ሁለት ሦስት ደቂቃ እንደ ጭላዳ መቀመጥ በቂ መነሻ ነው።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው የእጅ አንጓ ነው። መዳፉን መሬት ላይ ዘርግቶ ክብደት ያልጫነ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አንጓው ላይ ድካም ይሰማዋል። ስለዚህ ማሟሟቂያው ከዚያ ይጀምራል፤ ተንበርክኮ መዳፎቹን መሬት ላይ አድርጎ ሰውነቱን በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል። ጣቶቹን በሰፊው ዘርግቶ ወለሉን ቢቆነጥጥባቸው ጭነቱ አንጓው ላይ ብቻ አይወድቅም። ሕመሙ የሚወጋና የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን መዳፍን ትቶ በክርን መሥራት ወይም ማቆም ነው።

መጠኑን በተመለከተ ችኮላ አያስፈልግም። ለጀማሪ ድቡን 20 ሰከንድ መሄድ፣ 40 ሰከንድ ማረፍ፣ ይህን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ መደጋገም ይበቃል፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን። ሲለምደው ሸርጣኑንና እንቁራሪቱን ይጨምርበታል፣ ወደኋላም መሄድ ይማራል። ወደኋላ ሲሆን እግር የት እንደሚያርፍ ስለማይታይ ሰውነት በስሜት ብቻ መመራት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። የእንስሳት አካሄድ ሁለተኛውን ለመሸፈን ይረዳል፤ የመጀመሪያውን ለመሙላት ግን የእግር ጉዞና ሩጫ ቦታቸውን አይለቁም።

የደም ግፊታቸው ከፍ ያለና በመድኃኒት ያልተስተካከለ ሰዎች፣ ግላኮማ ያለባቸው፣ እርጉዝ ሴቶች፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች መጀመሪያ ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው፤ በተለይ ጭንቅላት ከልብ በታች የሚሆንባቸውን እንቅስቃሴዎች ከመሥራታቸው በፊት። አስፋልት ላይ መሥራት መዳፍን ስለሚልጥ ሣር፣ ምንጣፍ ወይም የተወለወለ ወለል ይሻላል።

ለልጆች ግን ይህ ሁሉ ማብራሪያ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ ይዞ አንዲት ኳስ ብቻ ያለው የስፖርት መምህር፣ ስልሳውንም ሊያሠራ የሚችልበት መንገድ ይህ ነው። በአራት ሰልፍ ከፍሎ እስከ ዛፉ በድብ፣ መልስ በሸርጣን ማወዳደር። ተራውን እየጠበቀ የሚቆም ልጅ ያንሳል፤ በሩጫ ኋላ የሚቀረውም ልጅ እዚህ ላይ አንደኛ ሊወጣ ይችላል፤ የሚፈለገው ችሎታ ሌላ ነውና።

አንድ የሚጎድል ነገር ግን አለ። ድብ፣ ሸርጣን፣ እንቁራሪትና እንሽላሊት ሁሉም መሬትን ይገፋሉ፤ ወደ ራሱ የሚጎትት የለም። በእነዚህ ብቻ የሚሠለጥን ሰው የደረቱና የትከሻው ፊት ይጠነክራል፤ ጀርባው ወደኋላ ይቀራል። ኤበር መውጣትን ከአሥሩ ክፍሎች አንዱ ያደረገው ያለ ነገር አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ክብደት የሚችል የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም በደንብ የታሰረ የብረት ዘንግ ነው። ጀማሪው እግሩን በከፊል መሬት አስነክቶ አሥር ሰከንድ ይንጠለጠላል፣ ያርፋል፣ ይደግማል፤ በአንድ ልምምድ በድምሩ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ይበቃዋል። በሳምንታት ውስጥ እግሩን ሙሉ በሙሉ ያነሣል፣ ቀጥሎም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተቀባበለ እንደ ጦጣ ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል።